ክሮሞሶም ያለ ሕብረ ሕዋስ አይነበብም፦ ስለ ኩላሊት ካንሰር ለተሰራጨ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ቻናሎችና በፌስቡክ ገጾች ሲዘዋወር የሰነበተ፣ ስለ ኩላሊት ካንሰርና ስለ ክሮሞሶም ምርመራ የሚናገር አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የሕክምና ባለሙያ እንዳልሆኑ ራሳቸው ገልጸዋል፤ ብዙ እንዳነበቡ ግን ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። በቸርችል ጎዳናና በዙሪያው ባሉ ክሊኒኮች ታካሚዎች ስልካቸውን አውጥተው ጽሑፉን ለሐኪም እያሳዩ «ይህ ምርመራ ለእኔስ ለምን አልታዘዘም?» ማለት ጀምረዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጽሑፉ የሚሰጠው መልስ ግን በአብዛኛው የተሳሳተ ስለሆነ፣ ከአካል የተወሰደ ናሙናን በማይክሮስኮፕ እየመረመረ በሽታን በሚለየው በፓቶሎጂ ሙያ የምሠራ እንደመሆኔ ነጥብ በነጥብ ልመልስ ወድጃለሁ።

በቅድሚያ የጽሑፉን አሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት፣ የኩላሊት ዕጢን በማይክሮስኮፕ አይቶ በዓይነት መመደብ በዓይን ግምት ላይ የተመሠረተ ያረጀ አሠራር ሲሆን የዕጢው እውነተኛ ማንነት ያለው በክሮሞሶሙ ላይ ነው። እያንዳንዱ የኩላሊት ካንሰር ዓይነት የራሱ የሆነ የክሮሞሶም መዛባት ስላለው፣ የበሽታውን ዓይነት ለመለየት የክሮሞሶም ምርመራ ብቻውን ይበቃል። የተዛቡት ክሮሞሶሞች በበዙ ቁጥር በሽታው የከፋ ነው። ክሮሞሶም ከወላጅ የሚወረስ በመሆኑም፣ በዕጢው ውስጥ መዛባት የተገኘበት ሰው ልጆቹና ወንድም እኅቶቹ ሁሉ መመርመር አለባቸው። በመጨረሻም፣ ይህ ምርመራ ሳይደረግ ኩላሊትን በቀዶ ጥገና ማስወጣትም ሆነ መድኃኒት መጀመር ስለማይገባ፣ ምርመራው በአገር ውስጥ ካልተገኘ የደም ናሙና ወደ ውጭ መላክ ያስፈልጋል ይላሉ።

ከመጀመሪያው ልነሣ። የማይክሮስኮፕ ምደባ በዓይን የሚሠራ ሥራ መሆኑ እውነት ነው፤ ሁለት ፓቶሎጂስቶች በአንድ ስላይድ ላይ የማይስማሙበት ጊዜ መኖሩም አይካድም። ፓፒላሪ የተባለው ዓይነት ለብዙ ዓመታት «ዓይነት 1» እና «ዓይነት 2» ተብሎ ሲከፈል ቆይቶ፣ ክፍፍሉ ወጥ ሆኖ ስላልተገኘና «ዓይነት 2» የተባለው የተለያዩ በሽታዎች መጠራቀሚያ ሆኖ በመታየቱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው አመዳደብ እንዲቀር ተደርጓል። ይህን ለጸሐፊው እቀበላለሁ።

ይሁንና ጸሐፊው የሚመኩበት ዕውቀት ራሱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1979 በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በ3ኛውና በ8ኛው ክሮሞሶም መካከል የተደረገ የቁራጭ መለዋወጥ ከኩላሊት ካንሰር ጋር አብሮ ሲወረስ ታየና የተመራማሪዎች ትኩረት ወደ 3ኛው ክሮሞሶም ዞረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጂዩላ ኮቫችን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ከታካሚዎች የተወሰዱ ዕጢዎችን አንድ በአንድ ሲመረምሩ፣ ክሊር ሴል (ሕዋሱ ጥርት ያለ) የተባሉት አብዛኞቹ የ3ኛውን ክሮሞሶም አጭር ክንድ፣ ማለትም ክሮሞሶሙ ካሉት ሁለት ክፍሎች አጭሩን፣ ያጡ ሆነው ሲገኙ፣ ፓፒላሪ የተባሉት ደግሞ 7ኛውንና 17ኛውን ክሮሞሶም በትርፍ የያዙ፣ በወንዶች ላይ ሲሆኑም ዋይ ክሮሞሶምን ያጡ ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሃይደልበርግ በሚል ስም የታወቀው አመዳደብ የወጣው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ልዩነቱ ሊታይ የቻለው ግን ዕጢዎቹ አስቀድመው በማይክሮስኮፕ ተለይተው ስለነበረ ነው። ሁሉም «የኩላሊት ካንሰር» በሚል አንድ ስም ተደባልቀው ተቆጥረው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ጸሐፊው የሚመኩበት፣ ለየዓይነቱ የክሮሞሶም መዛባቱን የሚያሳይ ዝርዝር ባልኖረም ነበር።

«የዓይን ግምት» ስለተባለውም አንድ ነገር ማሳየት እፈልጋለሁ። ከቀዶ ጥገና ክፍል የመጣ ኩላሊት ለሁለት ተሰንጥቆ ሰሌዳ ላይ ሲዘረጋ፣ ክሊር ሴል ካንሰር ብዙውን ጊዜ ወርቃማ ቢጫ ሆኖ፣ እዚህም እዚያም ደም የቋጠረ ቦታ ጣልቃ እየገባበት ይታያል። ቢጫነቱ በሕዋሶቹ ውስጥ ከተከማቸው ስብ የመጣ ነው፤ ናሙናው በስሱ ለመቆረጥ ፓራፊን ወደተባለው ሰም ከመግባቱ በፊት በአልኮልና ዛይሊን በተባለ ፈሳሽ ሲታጠብ ስቡ ሟሙቶ ስለሚወጣ፣ ሕዋሶቹ በማይክሮስኮፕ ሥር ውስጣቸው ባዶና ጥርት ያለ ሆኖ ይታያል፤ በዙሪያቸውም ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ መረብ ተዘርግተዋል። ይህ መልክ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በ3ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ ቪኤችኤል የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የተለየ ዘረመል አለ። ይህ ዘረመል ሲጠፋ ሕዋሱ ኦክስጅን እንዳጠረው ሆኖ መሥራት ይጀምራል፤ ሂፍ የተባሉት ፕሮቲኖች ይከማቻሉ፣ አዳዲስ የደም ሥሮች ይጠራሉ፣ የስብ ክምችቱም ይጨምራል። ሕዋስ የኦክስጅንን መጠን እንዴት እንደሚያውቅ የገለጠው ይህ የምርምር መስመር እ.ኤ.አ. በ2019 ለኬሊን፣ ለራትክሊፍና ለሰሜንዛ የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። እንግዲህ ፓቶሎጂስቱ ጥርት ያለውን ሕዋስና የደም ሥሩን መረብ ሲያይ፣ የሚያየው በብዛት የዚያው የክሮሞሶም ጉድለት ውጤት ነው። ጸሐፊው ያጣሏቸው ሁለቱ ማስረጃዎች የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው።

የጽሑፉ ዋና ስሕተት ግን «የክሮሞሶም ምርመራ ብቻውን ይበቃል» የሚለው ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነው። ከ100 ክሊር ሴል ካንሰሮች ከ90 በላይ በሚሆኑት የ3ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ጠፍቶ መገኘቱ ትክክል ነው። ከዚህ ተነሥቶ «አጭሩ ክንድ የጠፋበት ዕጢ ሁሉ ክሊር ሴል ነው» ማለት ግን አይቻልም፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር ከሌላው አይከተልም። ይኸው ጉድለት በሳንባ ካንሰር፣ በተለይም ትንንሽ ሕዋሳት ባሉት ዓይነት፣ እጅግ የተለመደ ነው። የኩላሊት ካንሰር ደግሞ ሲሰራጭ ቶሎ ከሚደርስባቸው አካላት አንዱ ሳንባ ነው። በአንድ ታካሚ ሳንባ ላይ እብጠት ተገኝቶ የክሮሞሶም ምርመራው «የ3ኛው አጭር ክንድ ጠፍቷል» ቢል፣ ከኩላሊት የመጣ ነው ወይስ እዚያው የበቀለ? ምርመራው ይህን ሊመልስ አይችልም፤ የሕዋሱ መልክና አደራደር ግን ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይመልሰዋል። የ7ኛው ክሮሞሶም መጨመርም እንዲሁ ነው፤ ግሊዮብላስቶማ በተባለው የአንጎል ካንሰር ከሚታዩት የታወቁ ለውጦች አንዱ ነው። ክፍለ ከተማውና ወረዳው ሳይነገር የቤት ቁጥር ብቻ ይዞ በአዲስ አበባ ቤት መፈለግ የሚያመጣውን ጣጣ የሚያውቅ ሰው ችግሩ ይገባዋል።

በኩላሊት ውስጥ ብቻ ብንወሰንም ነገሩ አይቀልም። ፓፒላሪ አዴኖማ የሚባል ትንሽ እድገት አለ። ከ15 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ሽፋን የሌለው፣ ሕዋሶቹም ረጋ ያሉ ሲሆን ጉዳት የለውም፤ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሌላ ምክንያት በወጣ ኩላሊት ላይ ነው። ይህ እድገት ልክ እንደ ፓፒላሪ ካንሰር 7ኛውንና 17ኛውን ክሮሞሶም በትርፍ ይዞ ይገኛል። በክሮሞሶም ብቻ የሚመራ ሰው ካንሰር ይለዋል፤ ሁለቱን የሚለየው ማስመሪያና ማይክሮስኮፕ ነው። የዋይ ክሮሞሶም መጥፋትም ዕድሜያቸው በገፋ ወንዶች ደም ውስጥ ካንሰር ሳይኖር የሚታይ ነገር ነው።

ኦንኮሳይቶማ የተባለውን ጉዳት የሌለው ዕጢና ክሮሞፎብ የተባለውን ካንሰር መለየት ደግሞ በሙያችን ከሚያስቸግሩ ሥራዎች አንዱ ነው። ክሮሞፎብ በጥንታዊ መልኩ ወፍራምና ጎልቶ የሚታይ የሕዋስ ድንበር፣ የተጨማደደ ኒውክለስና በኒውክለሱ ዙሪያ ነጣ ያለ ክብ አለው፤ የኦንኮሳይቶማ ኒውክለስ ክብና ወጥ ነው፣ ዕጢው ለሁለት ሲከፈልም ቡናማ ሆኖ አንዳንዴ መሃሉ ላይ ጠባሳ ይታይበታል። ጸሐፊው እዚህ ላይ የክሮሞሶም ምርመራ ይረዳል ሲሉ ትክክል ናቸው፤ 2ኛው፣ 6ኛው፣ 10ኛው፣ 13ኛውና 17ኛው ክሮሞሶም አብረው ጠፍተው ከተገኙ ሚዛኑ ወደ ክሮሞፎብ ያደላል። ነገር ግን የ1ኛው ክሮሞሶም መጥፋት በሁለቱም ይታያል። ከክሮሞፎብ መካከል ኢዮሲኖፊሊክ የሚባሉት፣ ከኦንኮሳይቶማ ጋር ለመምታታት በጣም የቀረቡት ማለት ነው፣ አንዳንዶቹ ምንም የጎደለ ክሮሞሶም ሳይኖራቸው ይገኛሉ። ምርመራው ይበልጥ በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ነው ዝም የሚለው።

ጸሐፊው ሳይጠቅሱት ያለፉት፣ ለክርክራቸው ግን ሊጠቅም ይችል የነበረ ምሳሌም አለ። ቀድሞ ከክሊር ሴል ካንሰር ጋር ይቆጠር የነበረ፣ ሕዋሶቹ ጥርት ያሉ ነገር ግን የ3ኛውን ክሮሞሶም አጭር ክንድ ያላጣ ዕጢ ነበረ። ተለይቶ ሲጠና እጅግ ዝግ ያለ ጠባይ ያለው ሆኖ ስለተገኘ፣ በ2022ቱ አመዳደብ «ካንሰር» የሚለው ቃል ከስሙ ወጥቶ ክሊር ሴል ፓፒላሪ የኩላሊት ዕጢ ተብሏል። እንደዚሁ በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚታየው፣ በኤክስ ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ ያለው ቲኤፍኢ3 ዘረመል ከሌላ ዘረመል ጋር ሲጣበቅ የሚመጣው ካንሰር፣ በማይክሮስኮፕ ክሊር ሴልንም ፓፒላሪንም ሊመስል ይችላል። ይኸው አመዳደብ በሞለኪውል ለውጣቸው የሚለዩ የኩላሊት ካንሰሮችን በአንድ ምድብ ሰብስቧል። ስለዚህ የአንድ የ25 ዓመት ወጣት ዕጢ «ክሊር ሴል» ተብሎ ሪፖርት ቢወጣ፣ ተጨማሪ ምርመራ መጠየቅ የቤተሰቡ መብት፣ የባለሙያውም ግዴታ ነው። ጥያቄው የሚነሣው ግን ከስላይዱ ነው፤ የትኛውን ክሮሞሶም እንፈልግ የሚለውን የሚነግረን የሕዋሱ መልክ ከታካሚው ዕድሜ ጋር ተዳምሮ ነው።

«መዛባቱ በበዛ ቁጥር በሽታው ይከፋል» የሚለው ሦስተኛው ነጥብ ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም፣ ሁለት ምሳሌዎች ይበቁታል። ክሮሞፎብ በአንድ ዕጢ ውስጥ አምስት፣ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ሙሉ ክሮሞሶሞችን አጥቶ የሚገኝ ካንሰር ነው፤ ሆኖም በአብዛኛው ከክሊር ሴል የተሻለ ውጤት አለው። በሌላው ጫፍ ሜዱላሪ ካርሲኖማ የተባለው አለ። በ22ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ስማርክቢ1 የተባለ ዘረመል የሚጠፋበት፣ ከዚያ ውጭ የክሮሞሶም ይዞታው በአንጻራዊነት ብዙም ያልተመሰቃቀለ ካንሰር ሲሆን፣ ከኩላሊት ካንሰሮች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲታወቅ ተሰራጭቶ ነው። የሚይዘውም በአብዛኛው ሲክል ሴል የተባለውን፣ ቀይ የደም ሕዋስን ማጭድ የሚያስመስለውን በሽታ ዘረመል ከአንድ ወላጅ የወረሱ ወጣቶችን ነው። ይህ ዘረመል በደጋው የአገራችን ክፍል ብዙም የሚታይ ስላልሆነ እዚህ በቀላሉ ሊዘነጋ ይችላል፤ አዲስ አበባ ግን ታካሚ ከየአቅጣጫው የሚመጣባት ከተማ ስለሆነች፣ ደም የቀላቀለ ሽንት ይዞ የመጣ ወጣት ሲያጋጥም መታሰብ ያለበት ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ያሰቡት ነገር ከፊል እውነት እንዳለው ልጨምር፤ በክሊር ሴል ውስጥ የ9ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድና የ14ኛው ረጅም ክንድ መጥፋት ከከፋ ውጤት ጋር ይያያዛል። ይህ ግን የሚያሳየው ወሳኙ ነገር ብዛት ሳይሆን የትኛው ክሮሞሶም በየትኛው የዕጢ ዓይነት ውስጥ የሚለው መሆኑን ነው። ከዚህም ሌላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአንድ የኩላሊት ዕጢ የተለያዩ ቦታዎች የተወሰዱ ናሙናዎች እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ለውጦችን ይዘው መገኘታቸው ተዘግቧል፤ በአንድ ቀጭን መርፌ ከአንድ ቦታ በተወሰደ ናሙና «መዛባቱ ጥቂት ነው» ብሎ መጽናናት አይቻልም።

ስለ ውርስ የተባለው ብዙ ቤተሰብ ያስጨነቀ በመሆኑ ረጋ ብሎ መታየት አለበት። ከወላጅ የወረስነው ክሮሞሶም በመላ አካላችን ሕዋሶች ውስጥ ያለው ነው። በዕጢው ውስጥ የሚታየው መዛባት ግን በአብዛኛው ታካሚው ከተወለደ በኋላ በአንድ የኩላሊት ሕዋስ ላይ የደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ ጥናቶች እንዳመለከቱት የ3ኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በልጅነት ወይም በጉርምስና ዘመን፣ በጥቂት ሕዋሶች ብቻ ሲሆን፣ ካንሰሩ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ አሥርት ዓመታት ቆይቶ ነው። ልጆች ይህን አይወርሱም። በውርስ የሚመጣው የኩላሊት ካንሰር ከጠቅላላው ከመቶ 5 እስከ 8 እንደሚሆን ይገመታል።

የሚገርመው ደግሞ፣ በትክክል በሚወረሰው፣ ከቪኤችኤል ዘረመል ጉድለት በሚመጣው በቪኤችኤል በሽታ እንኳ ከወላጅ የሚተላለፈው ብዙውን ጊዜ በዘረመሉ ውስጥ ያለች ትንሽ ስሕተት ናት፤ የክንዱ መጥፋት በኋላ የሚመጣ ሁለተኛ ጉዳት ነው። ጸሐፊው የሚያበረታቱት ተራ የክሮሞሶም ቆጠራ ያችን ትንሽ ስሕተት ሊያያት አይችልም፤ በማይክሮስኮፕ የሚቆጠር ክሮሞሶም የሚያሳየው ሚሊዮኖች የዘረመል ፊደላትን ያካተተ ትልቅ ለውጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጆቹ በዚህ መንገድ ተመርምረው «ደኅና ናችሁ» ቢባሉ፣ በሽታው በቤተሰቡ ውስጥ ካለ ውጤቱ ሐሰተኛ መጽናኛ ይሆናል። ከላይ የጠቀስኩት የ1979ኙ ቤተሰብ በክሮሞሶም ቆጠራ የሚታይ ውርስ እንዳለ ያሳያል፤ እንዲህ ያሉት ግን እጅግ ጥቂት ናቸው። የዘረመል ምክርና ምርመራ የሚገባው በ46 ዓመቱ ወይም ከዚያ በታች ለታመመ፣ በሁለቱም ኩላሊት ወይም በአንዱ ላይ በብዙ ቦታ ዕጢ ለወጣበት፣ በቅርብ ዘመዱ ተመሳሳይ ካንሰር ላለበት፣ እንዲሁም የሕብረ ሕዋሱ ዓይነት ራሱ ውርስን ለሚያስጠረጥር ሰው ነው። የመጨረሻውን መስፈርት ልብ ይሏል፤ ጸሐፊው ያረጀ ያሉት የማይክሮስኮፕ ውጤት ወደ ዘረመል ምርመራ ከሚመሩን ነገሮች አንዱ ነው።

«ሳይመረመር ቀዶ ጥገና አይደረግ» የሚለው ምክር ከሁሉም የበለጠ ጉዳት የሚያደርስ ስለሆነ በጥብቅ እቃወመዋለሁ። ዕጢው በኩላሊት ውስጥ ተወስኖ ሳለ ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው፤ ከ4 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሲሆን ደግሞ የሚቻል ከሆነ ኩላሊቱ ሳይወጣ ዕጢውን ብቻ ማውጣት ይመረጣል። ይህን ለመወሰን ሲቲ ስካን፣ የታካሚው አቅምና የቀዶ ሐኪሙ ልምድ እንጂ ክሮሞሶም አይጠበቅም። ለተሰራጨ በሽታ መድኃኒት ሲመረጥም እንዲሁ ነው። በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት የአደጋ መመዘኛ ስድስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ታካሚው የዕለት ተዕለት ሥራውን ምን ያህል ማከናወን እንደሚችል፣ በሽታው ከታወቀ መድኃኒት እስከሚያስፈልግ አንድ ዓመት ሞልቶት እንደሆነ፣ ሄሞግሎቢን፣ ካልሲየም፣ ኒውትሮፊልና ፕላትሌት። አራቱ ከስታዲየም እስከ ፒያሳ ባለ በማንኛውም ደህና ላቦራቶሪ የሚሠሩ የደም ምርመራዎች ናቸው፤ ክሮሞሶም በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በቪኤችኤል መንገድ ላይ የሚሠራው ቤልዙቲፋን የተባለው መድኃኒት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ለተሰራጨ የኩላሊት ካንሰር ሲፈቀድ የክሮሞሶም ምርመራ ቅድመ ሁኔታ አልተደረገበትም።

ጸሐፊው በዚህ ክፍል አንድ ትክክለኛ ቅሬታ አንሥተዋል፤ አንዳንድ ሪፖርቶች «የኩላሊት ሕዋስ ካንሰር» ብለው ብቻ ዓይነቱን ሳይጠቅሱ ይወጣሉ። ይህ መታረም አለበት። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ የክሮሞሶም ምርመራ አለመኖር ሳይሆን ናሙናው ከመነሻው መበላሸቱ ነው። ትልቅ ኩላሊት ሳይሰነጠቅ፣ ጥቂት ፎርማሊን ባለበት ጠባብ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ታጭቆ፣ በቤተሰብ እጅ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲዞር ይደርሳል። ፎርማሊን ወደ ሥጋ የሚዘልቀው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ላዩ ሲጠነክር መሃሉ ይበሰብሳል፤ መጠኑም ከናሙናው አሥር እጥፍ መሆን ይኖርበታል። እንዲህ ከሆነ ሥጋ ፓቶሎጂስቱም የሚያነበው ነገር ያጣል፣ የክሮሞሶም ምርመራም አይሠራለትም።

የመጨረሻው የደም ናሙና መላክ ጉዳይ አጭር መልስ ይበቃዋል። የደም ሕዋስ የዕጢው ሕዋስ አይደለም። ተራ የኩላሊት ካንሰር ካለበት ሰው ደም ወስዶ ክሮሞሶሙን የቆጠረ ላቦራቶሪ በአብዛኛው 46 ክሮሞሶም ያለው ጤናማ ውጤት ይልካል፤ ቤተሰቡም በውጭ ምንዛሪ ከፍሎ ስለ ዕጢው ምንም ሳያውቅ ይቀራል። በእውነት ተጨማሪ ምርመራ ካስፈለገ የሚላከው የዕጢው ፓራፊን ብሎክ፣ ማለትም በሰም ውስጥ የተቀመጠው የዕጢው ቁራጭ ነው፤ በየክሮሞሶሙ ላይ የሚያበራ ቀለም የሚለጥፈው ፊሽ የተባለው ምርመራ በብሎክ ላይ መሥራት ይችላል። ታካሚው ቀዶ ጥገና ወይም ባዮፕሲ ካደረገበት ተቋም ብሎኩንና ስላይዶቹን ከሪፖርቱ ቅጂ ጋር መጠየቅ ይችላል፤ ከመላኩ በፊትም የትኛው ለውጥ እንደሚፈለግና ለምን እንደሚፈለግ ሪፖርቱን የጻፈው ፓቶሎጂስት በጽሑፍ ያስፍርለት።